ለማንም አልናገርም ያለችው እንግዳወርቅ

እንግዳወርቅ ደግፌ ለንደን የገባችው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1984 የካቲት ላይ ነው። አዲስ አበባ ጂኦግራፊ ታስተምር ነበር፤ ለንደን ውስጥ ግን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ያሳለፈችው የቢሮ ወለል ስትወለውል ነው። የገባች ሰሞን ማንንም አታውቅም። የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ደጃፍ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ሳለ አንድ ረጅም ሰው ጠጋ ብሎ በአማርኛ «እህቴ፣ ማደሪያ አለሽ?» አላት።

ዘርይሁን ይባላል። ሼፈርድስ ቡሽ ውስጥ ከሚስቱ ከአልታየሽ ጋር ይኖር ነበር። ያኔ ልጅ አልወለዱም። ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋው ላይ አራት ወር አስተኟት። ቅጽ ሞሉላት። የቤት ማመልከቻዋን ይዞ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስል፣ ድረስ አብሯት የሄደው፣ ወረፋው ላይ ሦስት ሰዓት የቆመላት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ «ጋሽ ዘርይሁን» ስትለው ለወጉ ያህል አልነበረም፤ ወንድሜ ማለቷ ነበር።

ሥራ የቀየረችው በ1990 ነው። ከሰዓት በኋላ የምታጸዳው አንድ አሮጌ ሕንፃ ነበር፤ ምድር ቤቱ የወጣቶች ክለብ ነው። አንድ ቀን ሁለት ልጃገረዶች በፒንግፖንግ ራኬት ሊፈነካከቱ ሲሉ መወልወያዋን ጥላ መሃላቸው ገባችና አሥራ አንደኛ ክፍልን ጸጥ ታሰኝበት በነበረው ድምፅ ተቆጣቻቸው። እንግሊዝኛው ተሰባብሮ ነበር የወጣው፤ ለልጃገረዶቹ ግን በደንብ ገብቷቸዋል። የክለቡ ኃላፊ ግሎሪያ፣ በልጅነቷ ከባርቤዶስ የመጣች ትከሻ ሰፊ ሴት፣ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር።

«ነገም ነይ፤ መወልወያውን ግን እቤት ተዪው» አለቻት።

እንግዳወርቅ ለሁለት ዓመት የትርፍ ሰዓት ኮርስ ወስዳ የምስክር ወረቀት አገኘችና ዩዝ ወርከር፣ የወጣቶች ሠራተኛ፣ ሆነች። እናቷ ከአዲስ አበባ «ይኸ ሥራ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው በደብዳቤ ሲጠይቋት መልሱ ቸገራት። አስተማሪ አይደለችም፤ ፈተና የለም። ዘመድ አይደለችም፤ ፖሊስም አይደለችም። ልጆቹ ወደው ይመጣሉ፣ ካልፈለጉ ይቀራሉ። ሲመጡ አብራቸው ትጫወታለች፣ ታዳምጣለች፣ የፈለጉትን ያህል እንዲያወሩ ትተዋቸዋለች። በመጨረሻ «አለሁ ማለት ነው ሥራዬ» ብላ ጻፈችላቸው።

ሐዊ ክለቡ የመጣችው በ1995 መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አንዷን ሕፃን በጋሪ እየገፋች፣ ሁለቱን በግራና በቀኝ አስይዛ በሩ ላይ ቆመችና «መግባት ይቻላል?» አለች። ደንቡ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች አያስገባም። እንግዳወርቅ ግን ሕፃናቱን ወዲያው አወቀቻቸው፤ የዘርይሁንና የአልታየሽ ልጆች ናቸው። ልጅቷንም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከኋላቸው ስትከተል አይታታለች። የናዝሬት ልጅ ናት። አባቷ የዘርይሁን የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር፤ ሲሞት ዘርይሁን «እኔ አስተምራታለሁ» ብሎ በአሥራ ሦስት ዓመቷ አስመጣት። በማኅበር ስብሰባ ላይ ይህ ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ ያመሰግነው ነበር። እንግዳወርቅም አመስግናዋለች።

ሐዊ ማክሰኞና ሐሙስ መምጣት አዘወተረች። በግራ እጇ ነበር የምትጫወተው፤ በአንድ ወር ውስጥ በፒንግፖንግ ያላሸነፈችው ወንድ አልቀረም። ሕፃኗ ስታለቅስ ግን ጨዋታውን አቋርጣ ራኬቱን ታስቀምጥና ትሄዳለች። እንግዳወርቅ ስለ ትምህርት ስትጠይቃት «ይሄን ተርም አልጀመርኩም» አለች። በኅዳር ስትጠይቃትም መልሱ ያው ነበር። አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ በገበያው መሃል ጋሪ ስትገፋ አየቻት። መምህር የነበረች ሴት በትምህርት ሰዓት መንገድ ላይ ያየቻትን ልጅ «ጋሽ ዘርይሁን ያውቃል» ብላ አለፈቻት። ይህን ነገር እንግዳወርቅ በኋላ ስታነሳው ድምፅዋ ይቀየራል።

በጥር ወር ግሎሪያ ዜና ይዛ መጣች። ክለቡ በአንድ የአውሮፓ ፕሮግራም በኩል የወጣቶች ልውውጥ አግኝቷል። አሥራ ሁለት ልጆች ለፋሲካ ወደ ሮተርዳም ሄደው ከኔዘርላንድና ከጀርመን ልጆች ጋር አሥር ቀን ይከርማሉ፣ አብረው ቲያትር ይሠራሉ። ግሎሪያ ስም ስትመዘግብ ሐዊ ከሁሉም ቀድማ እጇን አወጣች። እንግዳወርቅ ያቺ ልጅ የሆነ ነገር ስትፈልግ ስታይ ያ የመጀመሪያው ቀን ነበር። የጉዞ ሰነድ ማውጣት ይቻላል፤ የአሳዳጊ ፊርማ ግን ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቅጹን ይዛ ዘርይሁን ቤት ሄደች። አልታየሽ ሳሎኑ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። የሆስፒታል ልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሐዊ ሻይ አቅርባ ወደ ውስጥ ገባች።

«ጋሽ ዘርይሁን፣ አሥር ቀን ብቻ ነው። እኔ ራሴ አብሬያት ነኝ» አለች እንግዳወርቅ።

«አንቺን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፣ እንግዳ። እኔ የሚኒካብ ታክሲ እነዳለሁ፣ አልታየሽ ሽፍት አላት። አሥር ቀን ልጆቹን ማን ይይዛል?»

«ትምህርት ቤት ስትሄድስ ማን ይይዛቸዋል?»

ዘርይሁን ሚስቱን አየ። «የትምህርት ቤት ቦታ እየተጠበቀ ነው» አለ።

አልታየሽ ካውያውን አቆመችው። «አንቺ ልጅ የለሽም እንግዳ። ቤት ምን እንደሚፈልግ አታውቂም። በክለብ ልጅ አታበላሺብን።»

እንግዳወርቅ ቅጹን ሳታስፈርም ተነሳች። ዘርይሁን እስከ ደረጃው ሸኛትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚህ ሶፋ ላይ አራት ወር ስትተኚ እኛ ማንንም ቅጽ አላስፈረምንም» አላት።

በተከታዩ ሐሙስ ሐዊ ሕፃኗን ብቻ ይዛ መጣች። አልተጫወተችም። ኩሽና ገብታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች፤ ረጅሙ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ረጥቧል፤ አልሰበሰበችውም። እንግዳወርቅ «ነይ ልሰብስብልሽ» ብላ ጨርቁን ሳብ ስታደርግ ልጅቷ እጇን ነጠቀች። ግን ታይቷል። ከአንጓዋ በላይ፣ በክንዷ የውስጥ በኩል፣ ሹል አፍ ያለው ቀይ ቁስል፣ ዳርዳሩ ውኃ የቋጠረ።

«ወድቆብኝ ነው» አለች ሐዊ።

«ካውያ ክንድ ሥር ገብቶ አይወድቅም።»

ሐዊ ቧንቧውን ዘጋች። «ብነግርዎ ለማንም አይናገሩም?» አለች።

«አልናገርም። ለማንም አልናገርም» አለች እንግዳወርቅ። ልጅቷ እንድትናገር ብላ፣ ሳታስብ፣ አፏ ላይ የመጣላትን ነው ያለችው።

ሐዊ ነገረቻት። ለንደን ከገባች ጀምሮ የተማረችው ሁለት ወር ብቻ ነው። ሕፃኗ ስትወለድ ቀረች። ንጋት ላይ ትነሳለች፣ ልጆቹን ታጥባለች፣ ታበላለች። አልታየሽ ከሥራ ስትመጣ ደክማ ነው፤ ጥፊ ቀደም ሲልም ነበር። ካውያው ግን ቅዳሜ ነው፣ እንግዳወርቅ ወጥታ ገና መንገድ ሳትሻገር።

«እኔ የላክሁዎ መስሏቸው ነው። በሰው ፊት አዋረድሽን አሉኝ» አለች። ከዚያ ፈጠን ብላ፣ «ግን ክፉ ሰዎች አይደሉም እትዬ እንግዳ። አባቴ ሲሞት ከጋሽ ዘርይሁን በቀር የጠየቀን የለም። ወዴት እሄዳለሁ? ወደ ናዝሬት ቢመልሱኝስ?» አለች።

እንግዳወርቅ ቁስሉ ላይ ቅባት አድርጋ በፋሻ ጠቀለለችላት። ሐዊ ሕፃኗን ጋሪው ላይ አስራ ወደዚያው ቤት ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት እንግዳወርቅ ግሎሪያ ቢሮ ገብታ ሳትቀመጥ ሁሉንም ተናገረች። ግሎሪያ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ምን ብለሽ ቃል ገባሽላት?»

«ለማንም አልናገርም ብዬ።»

«ኧረ እንግዳ!» ግሎሪያ ግንባሯን ያዘች። «እንዲህ ያለ ቃል አይገባም። ማን አስተማረሽ?»

«ማንም አላስተማረኝም። ችግሩ እሱ ነው። ስለ ምሥጢር የተማርነው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የልጅን ምሥጢር ጠብቁ ተባልን፣ አበቃ። የማይጠበቀው የትኛው እንደሆነ አልተነገረንም።»

ግሎሪያ ከመደርደሪያው የክለቡን የደንብ ፋይል አወረደች። ስለ እሳት አደጋ አራት ገጽ አለ፤ ስለ ልጆች ደኅንነት አምስት መስመር። አምስተኛው መስመር «ጥርጣሬ ካለ ለኃላፊ ይነገር» ይላል። ከዚያ ግሎሪያ በሌላ ኮርስ የሰማችውን ነገረቻት። በሕጉ መሠረት ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከቅርብ ዘመዱ ውጪ ሰው ቤት ከሃያ ስምንት ቀን በላይ ከኖረ ካውንስሉ ማወቅ አለበት። ሐዊ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ኖራለች። የሚያውቃት መዝገብ የለም።

«እኔ ልደውል?» አለች ግሎሪያ።

«የሰማሁት እኔ ነኝ፤ እኔ እደውላለሁ።»

«ለልጅቷ መጀመሪያ ትነግሪያታለሽ?»

እንግዳወርቅ ይህን ጥያቄ አሰበችበት። ብትነግራት ትጠፋለች፤ ወይም ለዘርይሁን ትናገርና ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሰው ቤት ይልኳታል። «አልነግራትም። ዛሬ ይደወል» አለች።

ካውንስሉ ጋ ደውላ ሁለት ገጽ ሪፖርት በእጇ ጻፈች። ያየችውን፣ የሰማችውን፣ ቀኑን። መጨረሻው ላይ ማንም ሳይጠይቃት «ይህች ልጅ አትዋሽም» ብላ ጨመረችበት።

የካውንስሉ የልጆች ጉዳይ ሠራተኞች፣ ሶሻል ወርከሮቹ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሄደው ሐዊን ወደ ቢሯቸው ወሰዷት። ከዚያ እንግዳወርቅ ያላሰበችው ሆነ። ዓርብ ማምሻ ላይ አማርኛ አስተርጓሚ ሊገኝ ስላልቻለ ወደ ክለቡ ደወሉ፤ ካውንስሉ ድረስ መጥታ እንድታስተረጉም ለመኗት። እምቢ ማለት ነበረባት፤ ልጅቷ ብቻዋን ናት ብላ ሄደች። ሐዊ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ልብሷን በገበያ ከረጢት ይዛ ተቀምጣለች። እንግዳወርቅ ስትገባ ቀና አለች።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ሐዊ።»

«ሕፃኗ ስታለቅስ ነው ጥያት የመጣሁት። ጫማ እንኳ አላደረግሁላትም።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ለሶሻል ወርከሯ በእንግሊዝኛ፣ «ኖ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» አለች። ስትጠየቅም በዚያች በምታውቃት ጥቂት እንግሊዝኛ ብቻ መለሰች። እንግዳወርቅ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ሁለት ሰዓት ጠበቀች። ልጅቷ በሌላ በር ወጥታ በመኪና መወሰዷን የነገራት ዘበኛው ነው። ኬንት ውስጥ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ከእንግሊዝ ቤተሰብ ጋር እንዳስቀመጧት በኋላ ሰማች፤ አድራሻውን ግን ሊሰጧት አልቻሉም።

አልታየሽ በፖሊስ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ዘርይሁን አልተከሰሰም። ልጆቻቸውን ለማየት ሶሻል ወርከር በየወሩ ቤታቸው ይመላለስ ጀመር። ወሬው በሁለት እሑድ ውስጥ ሁሉም ዘንድ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰላምታዋን የሚቀበላት ቀነሰ። አንዲት ኂሩት የምትባል፣ አብራት በገናም በፋሲካም ሌሊት ፈረቃ ቢሮ ስታጸዳ የኖረች ጓደኛዋ፣ ፊት ለፊት «ሰው ጆሮ ጠቢ ሆነች እያለ ነው፣ እወቂው» አለቻት። ይህ ቃል ለእነሱ ትውልድ ቀላል ስድብ አልነበረም። እንግዳወርቅ ታናሽ ወንድሟን ያጣችው በጆሮ ጠቢ ነው፤ ከአገር የወጣችውም በዚያው ምክንያት ነው።

ዘርይሁን አንድ ጊዜ ብቻ ደወለላት።

«ወደ ፈረንጅ ከመሄድሽ በፊት እኔን ማናገር አቃተሽ? ቤቴን ታውቂዋለሽ» አላት።

«ጋሽ ዘርይሁን፣ ክንዷን አይተውታል?»

መስመሩ ላይ የመኪናው የሬዲዮ መገናኛ ብቻ ይሰማል።

«አይቻለሁ» አለ በመጨረሻ። ስልኩንም ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ለፋሲካ አሥራ አንድ ልጆች ይዛ ሮተርዳም ሄደች። የአሥራ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ቀረ፤ ግሎሪያ ሌላ ልጅ እንተካ ስትላት እሺ አላለችም። ልጆቹ ተደሰቱ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ቲያትሩ ተጨበጨበለት። እሷ ግን አሥሩንም ቀን ጥሩ እንቅልፍ አልተኛችም።

በሚቀጥለው ዓመት በኅዳር ወደዚያው ከተማ ተመለሰች። ከዘጠኝ አገሮች የመጡ ሠላሳ የወጣቶች ሠራተኞች፣ ዩዝ ወርከር የሚሆን ሰው በአውሮፓ ውስጥ በሙሉ ምን ማወቅ እንዳለበት የሚናገር የጋራ መመሪያ ለመጻፍ ተሰብስበው ነበር። ግሎሪያ ታማ ስለቀረች ነው እሷ የተላከችው። በሁለተኛው ቀን እያንዳንዱ ከየክለቡ አንድ መልካም ተሞክሮ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። አንዱ ስለ ስኬትቦርድ ሜዳ፣ ሌላው ስለ ወጣቶች ሬዲዮ ተናገረ። እንግዳወርቅ ተራዋ ሲደርስ ስለ ልውውጡ የጻፈችውን ወረቀት አጠፈችና ስለ ሐዊ ተናገረች፤ ስሟን ሳትጠራ። ስለገባችው ቃል፣ ስለ አምስቱ መስመር፣ ልታስተረጉም ስለሄደችበት ቀን።

አንዲት ካትሪ የምትባል ፊንላንዳዊት እጇን አወጣች። «ልጅቷ አሁን ደኅና ናት?»

«አላውቅም። የሚነግረኝ የለም። እኔ ዘመዷ አይደለሁም።»

«ታዲያ ይህን የተሳካ ነው ወይስ ስህተት ነው ብለን እንመዝግበው?»

«ከእሳት አወጣናት፤ ስናወጣት ደግሞ ማንም ምን ትፈልጊያለሽ አላላትም። ሁለት ዓመት ያሳደገቻትን ሕፃን እንኳ እንድትሰናበት አልጠየቅንም። ምን ብላችሁ እንደምትመዘግቡት እናንተ እወቁ» አለች እንግዳወርቅ። «እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅ አፉን ከመክፈቱ በፊት ምን ልንደብቅለት እንደማንችል ይነገረው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ።»

ሁለት ቀን ተከራከሩበት። አንዱ በእኛ አገር ሕጉ ሌላ ነው አለ። ሌላው እንዲህ ከተባለ ልጆቹ ጭራሽ አይናገሩም አለ፤ ይህኛው እውነት ሊኖረው እንደሚችል እንግዳወርቅም ታውቃለች። መመሪያው ታትሞ ሲመጣ አርባ ገጽ ሆኗል። የእሷ ዓረፍተ ነገር ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ አለች፤ «እንደየአገሩ ሕግ» እና «በተቻለ መጠን» የሚሉ ቃላት ተጨምረውባት። ግሎሪያ ሁለቱን ጭማሪዎች በእስክሪብቶ ሰርዛ ገጹን ኩሽናው ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

እዚያም ብዙ አልቆየም። በ1998 ጸደይ ካውንስሉ በጀት ሲቀንስ ክለቡ ተዘጋ፤ ፒንግፖንግ ጠረጴዛው ለአንድ ትምህርት ቤት ተሰጠ። ግሎሪያ ጡረታ ወጣች። እንግዳወርቅ ስትሪትሃም ውስጥ ሌላ የወጣቶች ፕሮጀክት ተቀጠረች።

በ1999 ጥቅምት ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ በር ላይ አንዲት ወጣት ቆማ አገኘቻት። ፀጉሯን አጭር ተቆርጣለች፤ ሰውነቷ ሞላ ብሏል። እንግዳወርቅ ያወቀቻት በግራ እጇ በሩን ስትገፋ ነው።

ሐዊ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። ፋይሌን ማንበብ እፈልጋለሁ ብላ ለካውንስሉ አመልክታ፣ ስድስት ወር ጠብቃ፣ ሁሉንም አንብባዋለች። የእንግዳወርቅን ሪፖርትም አንብባለች። ተቀመጪ ስትባል ተቀመጠች። አማርኛዋ እየተንተባተበ ነው የሚወጣው፤ ቃል ሲጠፋባት ዓይኗን ትጨፍናለች።

«ትምህርት ጨርሻለሁ» አለች። «የጥርስ ሐኪም ረዳት ኮርስ ላይ ነኝ። ያሳደጉኝ ሰዎች፣ እ... ጥሩ ናቸው። ግን በዚያ ከተማ ሐበሻ የሚባል የለም። ሦስት ዓመት ከማንም ጋር አላወራሁም። ይኸው፣ ቋንቋዬ ሄደ።» ከልማድ «እርስዎ» ማለት ትጀምርና ሳይታወቃት ወደ «አንቺ» ትገባለች። እንግዳወርቅ አላረመቻትም።

«አንድ ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ለእነሱ ከመናገርሽ በፊት ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

እንግዳወርቅ ለዚህ ጥያቄ ከሦስት ዓመት በላይ ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ሁሉንም ተወችው።

«ትጠፊያለሽ ብዬ ፈራሁ» አለች።

«እጠፋ ነበር። ወደ አንዷ ጓደኛዬ ሃክኒ እሄድ ነበር፤ ሦስት ቀን ያህል። ከዚያ ምናልባት ወደ አንቺ እመለስ ነበር። ምናልባት አልመለስም።» ሐዊ ትከሻዋን ነቀነቀች። «አሁንም ተቆጥቻለሁ። እዚያ ቤት ብቀር ደግሞ ምን እሆን እንደነበር አውቃለሁ። ሁለቱም አለ።»

«አሁን ለሚመጡት ልጆች አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ» አለች እንግዳወርቅ። «ከመጀመራቸው በፊት፣ ይህን ይህን ልደብቅላችሁ አልችልም እላለሁ።»

«እና ይነግሩሻል?»

«አንዳንዶቹ። ባለፈው ወር አንዷ ሰምታኝ ዝም ብላ ተነስታ ሄደች።»

«ተመለሰች?»

«እስካሁን አልተመለሰችም።»

ሐዊ ተነሳች። ኮቷን ለበሰች። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ አብረው ወጡ። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ ሐዊ «ማካፋት» የሚለውን ቃል ረስታው እንግዳወርቅን ጠየቀቻት፤ ሁለት ጊዜ ደገመችው። አውቶቡሱ ሲመጣ ሳታቅፋት፣ ሳትጨብጣት ወጣች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በስልክ ደወለች። ስለ ኮርሱ፣ ስለ አንድ አስቸጋሪ መምህር፣ ሦስት ደቂቃ ያህል በአማርኛ አወራች፤ ሲደክማት «በቃ ለዛሬ» ብላ ዘጋች። አሁንም አልፎ አልፎ ትደውላለች፤ ይቅር ብያለሁ ግን ብላ አታውቅም። እንግዳወርቅም ጠይቃት አታውቅም።